የደሴ የእህል ዋጋና ከስሌት የወጣው ሰው

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ፣ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። ይህን ነገር አጥብቆ መርምሮ ለዓለም የምጣኔ ሀብት ሰዎች ያቀረበው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ከወትሮው የቀነሰው በመጠኑ እንደነበር፣ የደሴ ዋጋም ከቀደሙት ዓመታት ብዙ እንዳልራቀ አሳየ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰው በሚሞትበት በዚያው ወቅት ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ርሃብተኛው በአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምናል፤ በዚያው መንገድ እህል ያልፋል።

የመማሪያ መጻሕፍት የሚሉት ሌላ ነው። ሰው ሲራብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ፍላጎት ሲጨምር ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋ ሲወጣ ነጋዴ እህሉን ወደዚያ ይዞ ይሮጣል ይላሉ። በደሴ ይህ ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቀለበት ላይ ተበጠሰ። የወሎ ገበሬ እህሉ ምግቡም ገቢውም ነው። ዝናብ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። አፋሩ ከብቶቹ ሞቱበት፤ የተረፉትን ሲሸጥ ደግሞ አንድ ከብት የሚያመጣለት እህል ከወትሮው እጅግ አነሰ። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ ዋጋ ላይ ምልክት አይተውም። ስለዚህ ከደሴ ዋጋ ብቻ ተነስቶ ሁኔታውን የሚያነብ ሰው የሚያየው የተረጋጋ ገበያ ነው።

ብዙዎች ይህን የገበያ መሰናክል ነው ብለው ያልፉታል፤ መንገዱ ቢሻል፣ መረጃው ቢፈጥን ኖሮ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ገበያው የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል፤ መክፈል የሚችለውን ቆጠረ፣ የማይችለውን ግን አልቆጠረም። ማን እንደ ሰው እንደሚቆጠር የተወሰነው ሂሳቡ ከመጀመሩ በፊት ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ፣ ማለትም ሰው ምንድን ነው፣ ጉድለቱ ምንድን ነው፣ የማን ሥቃይ ትርጉም አለው የሚለውን ለመመርመር የሠለጠነ የትምህርት ዘርፍ ደግሞ አለ፤ የሃይማኖት ጥናት ይባላል።

የሃይማኖት ጥናት ስብከት አይደለም። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ብሎ አይከራከርም። አንድ ማኅበረሰብ ሳይናገረው የሚያምነውን ከሚያደርገው ነገር ላይ ያነባል፤ ምን ይሠዋል፣ ምን አይሸጥም፣ ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ምን ሲሆን ነው ቅጣት የሚጣለው? እነዚህኑ ጥያቄዎች ወደ ምጣኔ ሀብት ብናዞራቸው፣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ተምሯቸው ከዚያ ወዲያ መለስ ብሎ የማያያቸው ነገሮች ይወጣሉ።

ዝምድናውም ሩቅ አይደለም። አዳም ስሚዝ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሞራል ፍልስፍና መምህር ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ቀሳውስት ነበሩ። ከሁሉ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ቶማስ ማልተስ ነው። ማልተስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። የሕዝብ ቁጥር ከምግብ አቅርቦት ይቀድማል የሚለውን ድርሳን በ1798 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች የሰጠው ለአንድ የሃይማኖት ጥያቄ ነው፦ ቸር የሆነ አምላክ ለምን እጦትን በዓለም ላይ አኖረ? መልሱም እጦት የሰውን አእምሮ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል የሚል ነበር። በ1803 በወጣው እትም እነዚያ ምዕራፎች የሉም። አምላክ ከድርሳኑ ወጣ፤ እጦት ግን ሰውን የሚያነቃ፣ ስለዚህም መኖሩ ተገቢ የሆነ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በቦታው ቀረ። ዛሬ «ድጎማ ሰውን ያሰንፋል» የሚል ሪፖርት ስናነብ፣ ከጀርባው ያለው የማን ጥያቄና የማን መልስ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ሌላው መሠረት ውሱንነት ነው። ላዮነል ሮቢንስ በ1932 እ.ኤ.አ. ምጣኔ ሀብትን ሲበይን፣ ልዩ ልዩ ጥቅም ሊውል በሚችል ውሱን ሀብትና በሰው ዓላማዎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያጠና ሳይንስ ነው አለ። ዓላማው ከየት መጣ አይባልም፤ እንደተሰጠ ይወሰዳል። በዚህ ትርጉም የዳቦ ፍላጎትና የሦስተኛ መኪና ፍላጎት ሁለቱም ዓላማ ናቸው፤ የሚለያቸው የሚከፈልባቸው ገንዘብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሃይማኖት ሥርዓቶች በግልጽ ሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ይህን በተግባር ለማየት ደግሞ ሙስሊሙ ከሀብቱ በግዴታ ለድሃ ከሚያወጣው ከዘካ የተሻለ ማሳያ የለም። ቁጥሮቹን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ እምነቱ የተቀመጠው ቁጥሮቹ ውስጥ ነውና።

ዘካ የሚጀምረው ከወለል ነው። ኒሳብ የሚባለው መነሻ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ማዕድን የሚያወጣው ዋጋ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሰው አይከፍልም። ከዚያ በላይ ያለው፣ ሀብቱ በእጁ አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላ 2.5 በመቶ ያወጣል። በደሴ የሚነግድ አንድ የእህል ነጋዴ ሂሳቡን እንዲህ ይሠራል፦ ዓመቱ በሞላበት ቀን መጋዘን ያለውን እህል በዚያ ቀን የመሸጫ ዋጋ ይተምናል፤ 600,000 ብር ነው እንበል። በእጁና በባንክ ያለውን 150,000 ይደምራል። እንደሚመለስ ተስፋ ያለውን 80,000 ብር ዱቤ ይጨምራል። መክፈያው የደረሰበትን 230,000 ብር ዕዳ ይቀንሳል። የቀረው 600,000 ነው፤ ዘካው 15,000 ብር ይሆናል። ሚዛኑ፣ መደርደሪያው፣ የጭነት መኪናው አይቆጠሩም፤ ለሥራ እንጂ ለሽያጭ የተያዙ አይደሉምና።

ስህተት የሚበዛው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ መተመን ነው፤ ዋጋ በናረበት ዓመት ይህ የድሃውን ድርሻ ይቆርጣል። ሁለተኛው ዓመቱን ከመስከረም እስከ መስከረም መቁጠር ነው፤ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ በፀሐይ ዓመት የሚቆጥር ሰው 2.577 በመቶ ማውጣት ይኖርበታል። ሦስተኛው ደግሞ የሚመቸውን ቀን መርጦ፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን መቁጠር ነው።

ለገበሬው ስሌቱ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች) መነሻው አምስት ወስቅ ነው፤ ወደ 653 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ። በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አሥረኛ፣ ገበሬው ደክሞና ወጪ አውጥቶ ያጠጣው ከሆነ አንድ ሃያኛ። ድካም ተቆጥሯል። በግ 40 ሲደርስ አንድ፣ ከብት 30 ሲደርስ አንድ የዓመት ጥጃ። ተቀባዮቹም በቁርኣን በስምንት ወገን ተለይተዋል፤ ከእነዚህ መካከል ዕዳ ያጎበጠውና መንገድ ላይ የቀረው መንገደኛ ይገኙበታል። ዋናው ቃል ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በሚሰግዱት ሰዎች ገንዘብ ውስጥ ለለማኙና ለተከለከለው የታወቀ መብት አለ ይላል። ድሃው የሚቀበለው የሌላ ሰው ገንዘብ ውስጥ የቆየ የራሱን ነገር ነው። በ1966ቱ የደሴ ገበያ ከስሌት የወጣው ያ ሰው በዚህኛው ስሌት የመጀመሪያው መስመር ላይ ይገኛል።

የኦርቶዶክሱ አስራት ደግሞ ወለል የለውም፤ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ አንድ አሥረኛ ነው። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት በወንጌል የተመሰገነችው ሰጪ ሆና ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሥርዓቶች ድሃውን የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው፤ አንዱ ባለመብት አድርጎ፣ አንዱ ሰጪ አድርጎ። የትኛው ይሻላል የሚለው የሃይማኖት ጥናት ጥያቄ አይደለም። ሁለቱም ግን ሰውየውን ያዩታል።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። ጄምስ አንድሪዮኒ በ1990 እ.ኤ.አ. ሰው የሚሰጠው መስጠቱ ራሱ ደስ ስለሚለው ጭምር ነው የሚል ሞዴል አቀረበ፤ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ብዙ ነገር ያስረዳል። ችግሩ የሚመጣው ማብራሪያው ሁሉን ሲውጥ ነው። የሚሰስተው ለጥቅሙ ነው፣ የሚሰጠውም ለእርካታው ነው፣ ሕይወቱን የሚሰጠውም እንዲሁ ከተባለ፣ የትኛውም ድርጊት ሐሳቡን ሊያፈርሰው አይችልም። ማስረጃ የማይደርስበት አባባል ደግሞ የእምነት አንቀጽ ነው። የእምነት አንቀጽ መሆኑ አያስነውረውም፤ ግን በስሙ ይጠራ።

ወደ ቅሬ እንምጣ። ወሎ ላይ ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬ ነው፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ አላቸው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፈረው፣ እንጨትና ውሃ የሚቀርበው፣ ድንኳን የሚተከለው በጋራ ነው፤ ማጠብ፣ መገነዝ፣ ሶላት ወይም ፍትሐት ለየወገኑ ይተዋል። ሥጋ ቢኖር የየራሱ ይሆናል።

የምጣኔ ሀብት ጥናቶች እድርን የሚያዩት እንደ መድን ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እነዚህ ማኅበራት የጽሑፍ ደንብ፣ መዋጮና የተወሰነ ክፍያ ያላቸው መሆናቸውን በጥሩ ሁኔታ አሳይቷል። አልክድም፤ መድን ነው። ግን መድን ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ይጣረስ ነበር፤ ቅጣቱ።

በምጣኔ ሀብት እሳቤ ቅጣት ዋጋ ነው። ቀብር መቅረት 50 ብር ካስቀጣ፣ ሰዓቱ ከ50 ብር በላይ የሚያወጣለት ሰው ከፍሎ ይቀራል፤ ሁሉም ተስማምቶ ያድራል። በቅሬ ይህ አይሠራም። አንዴ ታምሞ ወይም መንገድ ሄዶ ቀርቶ ቅጣቱን የሚከፍል ሰው ይቅር ይባላል። ሁልጊዜ እየቀረ በሰዓቱ የሚከፍል ሀብታም ግን አንድ ቀን በስብሰባ ይነሳበታል፤ መዋጮው አንድም ቀን ሳይጓደል ከቅሬ ሊወጣ ይችላል። ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ያጣው ድንኳንና ወንበር አይደለም፤ እነዚያ ኪራይ ይገኝላቸዋል። ያጣው ሬሳውን የሚሸከም ሰው ነው።

ይህ በወሎ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በእስራኤል ሀይፋ ከተማ በሕፃናት ማቆያዎች ያደረጉት ሙከራ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ልጃቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ በስድስት ማቆያዎች የ10 ሼቀል ቅጣት ተጣለ። መዘግየቱ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኘ፤ በእጥፍ ገደማ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። የቀድሞው ኀፍረት የመምህርቷን ጊዜ የሚጠብቅ ነበር፤ ዋጋ ሲወጣለት ተገዛ፣ ከተገዛ በኋላም አልተመለሰም። የቅሬ ዳኞች ይህን ያለ ሙከራ ያውቁታል። ስለዚህም ነው ቅጣቱን ዝቅ አድርገው ይቅርታ መጠየቁን ከፍ የሚያደርጉት። የቅሬን ደንብ «ለማዘመን» ቅጣቱን ከፍ አድርጎ መገኘትን በገንዘብ መተካት የሚያስብ ሰው ካለ፣ የሀይፋውን ውጤት አስቀድሞ ያንብብ።

የወለድ አልባ ባንክ ጉዳይ ደግሞ ሁለቱ እሳቤዎች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው። በኢትዮጵያ ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት፣ ማለትም በመደበኛው ባንክ ውስጥ በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡ መመሪያ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነው ዘምዘም ባንክ ደግሞ በ2021 ሥራ ጀመረ። በብዛት የሚሠራበት ሙራበሃ የሚባለው ውል ነው። ደንበኛው ዕቃውን ይመርጣል፣ እገዛለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ባንኩ ዕቃውን ከሻጩ ይገዛል፣ ይረከባል። የገዛበትንና የሚያተርፈውን ነግሮ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጣል። 100,000 ብር የተገዛ ማሽን በ115,000 ከተሸጠ፣ በ12 ወር ሲካፈል በወር 9,583 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ደንበኛው ቢዘገይ ዋጋው አይጨምርም፤ የመዘግየት ክፍያ ካለም ለበጎ አድራጎት ይወጣል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም።

የምጣኔ ሀብት ተማሪ ይህን አይቶ፣ ያው ወለድ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀየረ ይላል። የገንዘቡን ፍሰት ብቻ ካየን ትክክል ነው። የሃይማኖት ጥናት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ማሽኑ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ መንገድ ላይ ቢገለበጥ የማን ነው የሚሰበረው? ውሉ በትክክል ከተሠራ የባንኩ ነው። ኪሳራን ያልተሸከመ ትርፍ አይገባውም የሚለው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መርህ ያረፈው እዚህች አጭር ጊዜ ላይ ነው። ብልሽቱም የሚገባው እዚሁ ላይ ነው። ባንኩ ዕቃውን ሳይረከብ ደንበኛውን ወኪል አድርጎ ብሩን በእጁ ከሰጠው፣ ደረሰኙ ከዕቃው በፊት ከመጣ፣ የባንኩ ባለቤትነት ወረቀት ላይ ብቻ ከቆየ፣ ያኔ ተማሪው ልክ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስማማ አንድ መፈተሻ አለ፤ ቀኖቹን ማየት። ባንኩ የገዛበትና የሸጠበት ቀንና ሰዓት፣ በመካከል ዕቃው የት እንደነበር።

በክርስትናውም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ካህን በወለድ እንዳያበድር ከልክለዋል፤ ፍትሐ ነገሥታችንም አራጣን ያወግዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ በግለሰቦች መካከል ባለ ብድር ወለዱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ገንዘብ በራሱ ጊዜ ይወልዳል የሚለው እሳቤ በየትኛውም ዘመን ያለ ክርክር አልፎ አያውቅም።

ስለ ጊዜ ባጭሩ። የፕሮጀክት ጥናት የወደፊቱን ጥቅም ወደ ዛሬ ሲመልስ ይቀንሰዋል። በ10 በመቶ ሲሰላ ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ 5 ብር ከ73 ሳንቲም ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ያለው ደግሞ 85 ሳንቲም። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ ተዳፋት በጽድ ይሸፈን ወይስ በባሕር ዛፍ ቢባል፣ መልሱ ይህ መቶኛ ሲመረጥ አብሮ ተመርጧል። እንግሊዛዊው የሒሳብና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፍራንክ ራምሴይ በ1928 እ.ኤ.አ. የኋለኛውን ትውልድ ደስታ በዚህ መንገድ ማሳነስ በሥነ ምግባር ሊደገፍ የማይችል፣ ከምናብ ድክመት የሚመጣ ነው ብሎ ነበር። ዋቅፍ የተደረገ (በእስልምና ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ የተሰጠ) መሬትና የቤተ ክርስቲያን ደን የሚተዳደሩት በሌላ ጊዜ ነው፤ ያልተወለደው እንደ ተወለደው ይቆጠራል።

ሃይማኖቱን ብቻ እያሞገስኩ ብሄድ ግን ጥናቱን ከድቼዋለሁ። ያው ዓይን ወደዚያም ይዞራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፤ ሥርዓቱም የተባረከለት ነበር። ለተዝካር ብለው ከብት ሸጠው፣ ተበድረው ለዓመታት የሚጎብጡ ቤተሰቦች አሉ። ዘካን ከዘመድና ከወዳጅ ሳያወጣ የሚያዞር ባለሀብትም አለ። እዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ቀዝቃዛ ጥያቄ፣ ማን ከፈለ ማንስ ተጠቀመ የሚለው፣ ግድ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም የሚቻልበት ነገር አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የሥራ ገበያ ሞዴሎች የሠራተኛን ቀን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ደመወዝ ያለው ሥራና ትርፍ ጊዜ። በዚህ አከፋፈል ለጎረቤት መቃብር መቆፈር ትርፍ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅና ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ጎረቤት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቅሬ ሕግ ደግሞ ግዴታውን የሚጥለው በጎረቤት ላይ ነው። የምትቀር ሠራተኛ በፋብሪካው መዝገብ ዲሲፕሊን የጎደላት ናት፤ በሰፈሯ መዝገብ ደግሞ ዲሲፕሊን ያላት። ይህን የማያውቅ አሠሪ ደመወዝ ጨምሮ እንኳ መቅረቱ ለምን እንዳልቆመ አይገባውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሰፈሩ የቅሬ ሰብሳቢዎች ጋር ተነጋግሮ በፈረቃ መገኘትን ማደላደል። የቀብር ሰዓት ይታወቃል፣ ፈረቃም ይታወቃል።

የምጣኔ ሀብት ጥናት ሰነድ እጁ የገባ ሰው በመጀመሪያ ማስረጃ ያልተጠቀሰባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ያስምርባቸው፤ እሳቤዎቹ እዚያ ናቸው። ቀጥሎ ዜሮ የተሰጣቸውን ነገሮች ይፈልግ፤ ያልተከፈለበት ድካም፣ ገንዘብ የሌለው ረሃብ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ያለ ሰው። ከዚያ «የሽግግር ወጪ» የተባለውን አንቀጽ አውጥቶ ወጪውን የሚከፍሉትን ሰዎች በመንደራቸው ይጥራቸው። መሥዋዕት ያለ ስም ሲጻፍ ይቀላል።

ቅሬን ለሚያጠኑ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የተለመደው መጠይቅ በወር ስንት ያዋጣሉ፣ ሲደርስብዎ ስንት ተቀበሉ ብሎ ያቆማል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻቸውን ከተጠየቁ ቅሬ መድን ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም፤ ውጤቱ መጠይቁ ላይ ተጽፏል። ሦስት ጨምሩበት፦ ለእርስዎ ሊመጣ ለማይችል ሰው ቀብር ሄደው ያውቃሉ? በእርስዎ ቦታ ምን ቢላክ ቅሬው አይቀበልም? ቅሬ የሌለውን፣ ከገጠር መጥቶ ኮምቦልቻ በቀን ሥራ የሚያድረውን ሰው፣ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ይህን የመጨረሻውን ከአባወራ ዝርዝር በተወሰደ ናሙና አታገኙትም፤ ሰውየው ዝርዝሩ ውስጥ የለምና። ወደ መስጊዱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳችሁ የመቃብር ቆፋሪዎቹን ጠይቁ።